የእባብ አዋላጅ ልሆን ነው

ውድ አንባቢ፤ የዚህን ጽሑፍ አርእስት አይተው ገጹን ለማለፍ እጅዎን አንሥተው እንደ ሆነ ጥቂት ይታገሡኝ። በአገራችን ስለ እባብ በጎ የሚናገር ሰው ብዙ እንደሌለ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ስለ ሔዋንና ስለ እባቡ ያልሰማ ልጅ የለም፤ ከንግሥተ ሳባ በፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ሕዝቡን ያስገብር ነበር የሚለውንም ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ሰምተነዋል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረትም በከንቱ አልተተረተም። እኔ የምነግርዎ ግን መርዝ ስለሌለው፥ ውፍረቱ ከሁለት ጣት እምብዛም ስለማይበልጥ፥ ፈረንጆች እንደ ድመትና እንደ ውሻ በቤታቸው ስለሚያሳድጉት ስለ በቆሎ እባብ ነው። ከነዚህ ሁለቱ፥ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፥ በምኖርበት በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ፥ በቤቴ ምድር ቤት ውስጥ አሁን በብርድ ተኝተዋል። የካቲት ሲያልቅ እቀሰቅሳቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በግንቦት እንቁላል እንጠብቃለን። እኔ በሕይወቴ ከዶሮ በቀር ምንም አስፈልፍዬ አላውቅም።

የበቆሎ እባብ አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ከኒው ጀርሲ ጀምሮ እስከ ፍሎሪዳ ጫፍ ድረስ፥ በምዕራብም እስከ ሉዊዚያና፥ በጫካ ዳርና በእርሻ ቦታ ይገኛል። የሳይንስ ስም ያወጣለት ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ ሲሆን፥ ዘመኑም 1766 ዓ.ም. ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። «የበቆሎ» ስለ መባሉ ሁለት ምክንያት ይነገርለታል። አንደኛው፥ ገበሬዎች በበቆሎ ጎተራቸው አጠገብ ስለሚያገኙት ነው፤ እርሱ የሚመጣው ግን ለበቆሎው ሳይሆን በቆሎውን ለሚበሉት አይጦች ነው። ሁለተኛው፥ የሆዱ ቅርፊት ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ፥ ፍሬው ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን የበቆሎ ራስ ስለሚመስል ነው። ጀርባው ብርቱካንማ ሆኖ፥ ዳር ዳራቸው በጥቁር የተከበቡ ቀያይ ምልክቶች ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ተደርድረውበታል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይረዝማል። አይጥ ሲይዝ ተጠምጥሞ አጥብቆ ይገድለዋል። በቤት በሚገባ ከተያዘ 15 ወይም 20 ዓመት ይኖራል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በልብዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለቱ እባቦች ወደ ቤቴ የገቡት በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሕይወት ሳይንስ ትምህርት ትወድዳለች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ መምህሯ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፥ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያሳድጋት የነበረችውን፥ ከተፈለፈለች ጥቂት ወር የሆናትን ቀይ እባብ «ማን ይወስድልኛል?» ብሎ ተማሪዎቹን ጠየቀ። እጇን ያነሣችው የእኔ ልጅ ብቻ ነበረች። ስሟን ብርቱካን አልናት። ኋላ የመጣው ወንዱ ከመጠን ያለፈ ጸጥተኛ በመሆኑ፥ እንደ ጥንቱ የፈረስ ስም፥ አባ ዝምታ ተባለ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሣጥን ይኖራሉ፤ የበቆሎ እባብ ብቻውን መኖር የሚወድድ ፍጥረት ስለሆነ ጓደኛ አጣ ተብሎ አይታዘንለትም።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ ሳልናገር ባልፍ ነገሩ ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ባለቤቴ የመተማ ቆላ ልጅ ናት። እርስዋ ገና ሕፃን ሳለች፥ ታላቅ ወንድሟ ሰሊጥ ሲያጭድ እፉኝት ነድፋው፥ ሐኪም ወዳለበት ከተማ በቃሬዛ ሲወስዱት በመንገድ ሞተ። ይህ የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በእባብ መርዝ የተነሣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው ይሞታል፤ ድርጅቱም በ2017 ዓ.ም. ይህን ጉዳት ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ከሚሞቱት የሚበዙት ባላገሮች፥ እረኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ እንደዚህ ያለ ቁስል ላላት ሴት «መርዝ የለውም» ማለት የመጽሐፍ ቃል ነው እንጂ የልብ መድኃኒት አይሆናትም። ላለፉት አራት ዓመታት ወደ ምድር ቤት የምትወርደው መብራቱን ሁሉ አብርታ፥ አማትባ ነው።

ባለፈው መስከረም ልጄና እኔ «እናዋልዳቸው» የሚለውን አሳብ ስናቀርብላት፥ ቡና እየቀዳች ጥቂት ዝም አለች።

«ስንት ትወልዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከአሥር እስከ ሠላሳ እንቁላል ትጥላለች» አልኋት።

«ሠላሳውን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«እንሸጣቸዋለን፤ እማዬ» አለች ልጄ።

«ለማን? ስሙ ማን ይባላል?»

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። ባለቤቴም ሲኒውን አስቀምጣ እንዲህ ስትል ፈረደች፤ «እኔ እባብ እንደማልወድ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን በዚህ ቤት የምትፈጠር ነፍስ ሁሉ የምትገባበት ቤት ይኑራት። የሚቀበሏቸው ሰዎች ስም በወረቀት ተጽፎ ልየው። ስሙ አሥር ከሆነ አሥር እንቁላል ይቀመጥ፤ ከዚያ የተረፈው በዚያው ቀን ይወገድ።» ስለዚህ ነገር ካነበብሁት ምክር ሁሉ የባለቤቴን ፍርድ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ ወደ ዝግጅቱ ገባን። የመጀመሪያው ዕቃ ሚዛን ነው። የበቆሎ እባብ አርቢዎች የሦስት ሕግ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ይኸውም ሴቲቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ዕድሜ፥ ከሦስት ጫማ ማለት ከ90 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቁመት፥ ከ300 ግራም ያላነሰ ክብደት ሳይኖራት ለወንድ አትሰጥም ማለት ነው። ብርቱካን አራት ዓመት አልፏታል፤ በኅዳር ወር ስንመዝናት 420 ግራም ሆነች። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውነቷ ያልጠና እባብ እንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀርባት ይችላል፤ ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ካልደረሰላት ትሞታለች። ደኅና የሆነችውም ብትሆን አልፎ አልፎ ይህ ያገኛታል። ስለዚህ እባብ የሚያክም ሐኪም አስቀድመን ፈልገን፥ የስልኩን ቁጥር በሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፈናል።

ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተተረጐመው በጥንቱ ፊሳልጎስ መጽሐፍ ስለ እፉኝት የሚነገረውን ያስታውሱ ይሆናል፤ ልጆቿ የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ፥ እናቲቱም በዚያው ትሞታለች ይላል። አገራችንም ውለታ የማያውቀውን ሰው «የእፉኝት ልጅ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። እርግጥ ነው፤ እፉኝት እንደ በቆሎ እባብ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ነገር ግን ሆዷን የሚቀድድ የለም። የጥንት ሰዎች ከእናቲቱ ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲወጡ አይተው ይሆናል ያን ተረት ያወጡት። የሆነ ሆኖ፥ እናት በልጆቿ ምክንያት ልትሞት ትችላለች የሚለው ክፍል በእኔ ምድር ቤት እውነት ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ብርቱካንን ለመዘንሁበት ለእያንዳንዱ ግራም የማስበው ይህን ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት ብርድ ነው። የበቆሎ እባብ በአገሩ ብርድ ሲመጣ ከመሬት በታች ገብቶ ይተኛል፤ ከዚያ ሲነቃ የሚቀጥለው የተዋልዶ ጊዜ ነው። በቤት የሚያድገውም ይህን ብርድ ቢያገኝ በበልግ ለመጋባት ይነሣሣል። ነገር ግን በሆዱ ምግብ እያለ አይበርድም። ብርድ የምግብ መፈጨትን ስለሚያቆም፥ ያልተፈጨው አይጥ በሆዱ በስብሶ ይገድለዋል። ስለዚህ ከኅዳር ማለቂያ በፊት ጀምረን ሦስት ሳምንት ያህል ሳናበላቸው በሙቀት አቆየናቸው፤ ሆዳቸው ባዶ መሆኑን ከተረዳን በኋላ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርገን፥ በታኅሣሥ አጋማሽ ከምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ አገባናቸው። አሁን ያሉበት 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጨለማ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ አለ። እስከ የካቲት ማለቂያ፥ ሰባ አምስት ቀን ያህል፥ ምንም አይበሉም። የሚያስደንቀው ነገር፥ ሰውነታቸው እጅግ ስለሚቀዘቅዝና ሥራውን ስለሚቀንስ ክብደታቸው እምብዛም አይጐድልም።

በየቀኑ ቴርሞሜትሩን ማየት የልጄ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እኔም የሌሊት ተራ ነበረኝ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ስልክ ደወለችልኝ። «12 ነው» አለችኝ። «ምኑ?» ብላት፥ «የእባቦቹ ነዋ! ውጭው ከዜሮ በታች ወርዷል አሉ፤ እንዳይሞቱ ብዬ አየሁት» ብላ ስልኩን ዘጋች። ብቻዋን ወርዳ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።

ሦስተኛው ዝግጅት ስለ ጋብቻው ነው። በመጋቢት ቀስ በቀስ ካሞቅናቸው በኋላ ሁለቱንም በሚገባ ማብላት ይገባል፤ ይልቁንም ሴቲቱን፥ ለእንቁላሉ የሚሆነውን ስብና ኖራ ከሰውነቷ ስለምታወጣ። ከቀናት በኋላ ቆዳዋን ትለውጣለች፤ ያን ጊዜ ወደ ወንዱ ሣጥን ትገባለች። ከተስማሙ ወንዱ በጀርባዋ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይከተላታል፤ ካልተስማሙ ለይቶ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና መሞከር ነው። ከዚህ በኋላ ወር ወይም ወር ተኩል ያህል ሆዷ እየከበደ ይሄዳል። እንደገና ቆዳዋን ስትለውጥ እንቁላሉ ሊወጣ ዐሥር ቀን ያህል እንደቀረው ማወቅ ነው። ለዚህም ክዳን ያለው ሣጥን ወስጄ በጐኑ ቀዳዳ አበጅቼ፥ ውስጡን እርጥበት በሚይዝ ለስላሳ የረግረግ ሣር ሞልቼ አዘጋጅቻለሁ። እርጥብና ጨለማ ቦታ ካላገኘች እንቁላሉን በውሃ መጠጫዋ ውስጥ ትጥለው ይሆናል፤ በዚያም ይሰጥማል።

ስለ እንቁላሉ ደግሞ ዶሮ አሳድገው ለሚያውቁ አንድ ነገር ልንገርዎ። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ በየጊዜው ትገለብጠዋለች፤ የበቆሎ እባብ ግን ጥላው ትሄዳለች እንጂ አትታቀፍም። እንቁላሉንም መገልበጥ አይገባም። ጽንሱ ከቅርፊቱ ውስጥ በላይ በኩል ተጣብቆ ስለሚያድግ፥ ቢገለበጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እንደ ወጣ በእርሳስ ከላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ሌላ ቦታ ሲቀመጥም ምልክቱ ወደ ላይ ይሆናል። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ሳይሆን እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ከአካባቢው ውሃ እየሳበ ያብጣል። መኝታው ቨርሚኩላይት በሚባል ውሃ የሚይዝ ማዕድን ይሞላል፤ በእጅ ሲጨመቅ የሚያረጥብ እንጂ ውሃ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳይለዋወጥ ቢቆይ ስድሳ ቀን ያህል ወስዶ ይፈለፈላል። የማስፈልፈያውን ሣጥን ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ ባዶውን አብርቼ፥ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል እየሞከርሁት ነው። እንቁላል በገባበት ቀን ሙከራ አይጀመርምና።

አሁን ለተማሪዎች የሚጥመውን ክፍል ላንሣ። «የእባብ ልጅ እባብ» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቀዩ እባብ ልጅ ሁልጊዜ ቀይ አይሆንም። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ግዛት ጥቁር ቀለም ፈጽሞ የሌለው፥ ዓይኑ እንኳ ቀይ የሆነ የበቆሎ እባብ ከዱር ተያዘ። በርናርድ ቤክቴል የተባለ የቆዳ ሐኪም ይህን ዘር ይዞ አዋለደ፤ ውጤቱንም በ1962 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋር በሳይንስ መጽሔት አወጣው። ነገሩ ሜንዴል የተባለው መነኩሴ በብርኖ ገዳም በአተር ተክል ፈትኖ በ1866 ዓ.ም. ካሳተመው ሕግ ጋር አንድ ሆነ።

ሕጉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ እባብ ስለ ጥቁር ቀለም ሁለት ትእዛዝ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ። ከሁለቱ አንዱ ደኅና ከሆነ ጥቁሩ ይወጣል፤ ሁለቱም የተበላሹ ከሆኑ ግን ጥቁር አይኖርም፤ እባቡ ቀይ ይሆናል። ብርቱካን ቀይ ስለሆነች ሁለቱም ትእዛዞቿ የተበላሹ ናቸው። አባ ዝምታ መልኩ እንደ ዱሩ እባብ ነው፤ ነገር ግን እናቱ ቀይ ነበረች፤ ስለዚህ አንድ የተበላሸ ትእዛዝ በስውር ይዟል። እንግዲህ እያንዳንዱ እንቁላል ከእናቱ የተበላሸውን ማግኘቱ የማይቀር ሆኖ፥ ከአባቱ የሚያገኘው እንደ ተወረወረ ሳንቲም ነው። ሃያ እንቁላል ቢኖር አሥሩ ቀይ፥ አሥሩ እንደ አባታቸው ይሆናሉ ብለን እንጠብቃለን። ሁለቱም ወላጆች እንደ አባ ዝምታ ቢሆኑ ኖሮ ከአራት አንዱ ብቻ ቀይ በሆነ ነበር። ሳንቲም ግን ማንንም አይፈራም፤ ሰባት ወይም አሥራ አራት ቀይ ቢወጣ ሜንዴል ተሳሳተ አይባልም። ልጄ ሰንጠረዡን በትልቅ ወረቀት ሥላ ከቴርሞሜትሩ በላይ ሰቅላዋለች።

ከፈለፈሉ በኋላ ያለው ሒሳብ እንደ ሰንጠረዡ አያምርም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ሠንጥቆ ራሱን ካወጣ በኋላ አንድ ሁለት ቀን እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ጊዜ ጐትቶ ማውጣት አይገባም። ሲወጣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ሌላውን ሊበላ ስለሚችል ለእያንዳንዱ የራሱ ሣጥን ያስፈልገዋል፤ ክዳኑም በሚገባ የሚገጥም ይሁን፤ እርሳስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ለእርሱ በር ነው። ከሳምንት በኋላ ቆዳውን ይለውጣል፤ ያን ጊዜ ፀጉር ያላበቀለ ግልገል አይጥ፥ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሞቀ፥ ይሰጠዋል። ሃያ ጫጩት በሳምንት አንድ አንድ ቢበላ በወር ሰማንያ አይጥ ይሆናል። አልበላም የሚልም አይጠፋም፤ እርሱን ማባበል የትዕግሥት ሥራ ነው። በዚህ ላይ ተራው የበቆሎ እባብ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ፥ በዚህ ንግድ ልክበር የሚል ሰው ቢኖር ሌላ ሥራ ይፈልግ።

ጤናንና ሕግንም አንርሳ። እባብ ምንም ሳይታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ ተሕዋስ ሊሸከም ይችላል፤ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኩት ይሻላል። በአሜሪካም ቢሆን ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል፤ እንደ ጆርጂያ ያለው ግዛት የአገሩ ተወላጅ የሆኑትን መርዝ የለሽ እባቦች በቤት ማኖርን ይከለክላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሲሰለች ወደ ዱር መልቀቅ ነው፤ የበቆሎ እባብ አገሩ ባልሆነው በካይማን ደሴት በሰው እጅ ገብቶ ተራብቶበታል።

እንግዲህ ወደ ባለቤቴ ወረቀት ልምጣ። ልጄ ከመስከረም ጀምሮ ለመምህራን፥ ለጓደኞቿ ወላጆች፥ እባብ ለሚያሳድጉ ሰዎች ደብዳቤ ስትጽፍ ቆይታለች። ያነጋገረችውን ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «እስከ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ያውቃሉ?» አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይተወዋል፤ ልጄም ታዝንና ስሙን ትሰርዛለች። ዛሬ በወረቀቱ ላይ አሥራ ሰባት ስም አለ። ብርቱካን ሃያ አምስት ብትጥል ስምንቱ በተጣሉበት ቀን ወደ በረዶ ማቀዝቀዣ ይገባሉ። ልጄ ይህን በሰማች ጊዜ ሁለት ቀን ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። በሦስተኛው ቀን ግን ወረቀቱን ይዛ መጥታ፥ «እማዬ፥ እስከ ግንቦት ስሙ ቢበዛስ?» አለቻት። «ቢበዛማ ቍጥሩ ይበዛል» አለች እናቲቱ። ከዚያ ወዲህ አራት ስም ተጨምሯል።

ውድ አንባቢ፤ እርስዎ እባብ የማሳደግ አሳብ እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ ሊኖርዎትም አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ተማሪ ወይም በደመወዝ አዳሪ ቢሆኑ፥ ነገ ውሻ ያረባሉ፥ ዶሮ ያስፈለፍላሉ፥ ወይም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይጀምራሉ። የሚጀመረውን ነገር ውበት የሚነግርዎ ብዙ ሰው አለ። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅዎ ሰው በቤትዎ ቢኖር፥ ያ ሰው የጀመሩትን ነገር ባይወድድ እንኳ፥ እንደ አማካሪ ይያዙት። ማሞቂያውን፥ ሣጥኑንና ሚዛኑን ከመግዛትዎም በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ያውጡና የተቀባዮቹን ስም መጻፍ ይጀምሩ።